ከጥድ የተሠራ የአይጥ ቤት

ካራ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በኮብልስቶኑ ትንሽ ገባ ሲሉ ያለውን የሂርጳን የእንጨት ሥራ ቤት የማያውቅ ሰው ወይ ለሰፈሩ እንግዳ ነው፣ ወይ በዕድሜው በር አሠርቶ አያውቅም። የሂርጳ በር ሲዘጋ ድምፅ የለውም። ክረምት ገብቶ የሰው ሁሉ በር አብጦ በትከሻ ሲገፋ የእሱ በር በሁለት ጣት ይከፈታል። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው የሚለው፣ ያውም ሳይጠየቅ። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ካለ በኋላ ዓይኑ የሚያርፈው በሩ ላይ ነው። "ይሄን ደግሞ ማን ገጠመው?" ብሎ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ያንሾካሹካል። ኩራተኛ ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም፤ ቢሰማም አይቀየምም።

እንግዲህ ስልሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ በሰፈሩ ታይቶ የማይታወቅ ነገር የጀመረው ይህ ሰው ነው። አይጥ ማሳደግ ጀመረ።

ነገሩ የመጣው በልጁ በባርኮት በኩል ነው። ባርኮት የሂርጳና የሚስቱ የዓለም አንድ ልጅ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ መገናኛ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ለብቻዋ ትኖራለች። ወደ ውጭ አገር የሄደች ጓደኛዋ ሁለት አይጦች ትታላት ሄደች። የጎተራ አይጦች አይደሉም፤ በሰው እጅ ተወልደው በሰው እጅ ያደጉ ናቸው። አንደኛዋ እንዳለ ነጭ ናት፣ ስሟ ወተት። ሌላዋ ራሷና ትከሻዋ ቡናማ፣ የቀረው ነጭ ነው፤ እሷ ደግሞ ማኪያቶ ትባላለች። መሥሪያ ቤቷ ባርኮትን ለሁለት ወር ወደ ሐዋሳ ሲልካት አከራይዋ "እኔ ያከራየሁት ለሰው ነው" አሏት። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሽቦ ሳጥን አቅፋ ካራ ከች አለች።

በሩ ላይ የተቀበለቻት እናቷ ናት። ዓለም ሾላ ገበያ እህል ትነግዳለች። ሃያ ዓመት ሙሉ በጤፍና በሽንብራ ጆንያ መካከል ከአይጥ ጋር ስትዋጋ የኖረች ሴት ናትና የሳጥኑን ውስጥ አንዴ አየት አድርጋ ወገቧን ያዘች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እማዬ፣ ስሚኝማ፤ እነዚህ እንደነዛ አይደሉም።"

"ጅራት አላቸው?"

"አላቸው።"

"እንግዲያው እንደነዛ ናቸው።"

ሂርጳ ሰጋቱራውን ከልብሱ ላይ እያራገፈ ከሥራ ቤቱ ወጣ። እሱም ቢሆን አይጥ የመቀበል ሐሳብ አልነበረውም። "እምቢ" ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ልጁ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ እጇን አየ። የሳጥኑን መቀርቀሪያ ዘጋችና ጎተት አድርጋ አየችው። ከእናቷ ጋር እየተከራከረች ሁለት እርምጃ ራቀችና ተመልሳ ደግማ ጎተተችው። ትንሽ ቆይታ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰች። ሂርጳ የከፈተውን አፉን ዘጋ።

የዚህን ነገር መነሻ እሱ ያውቃል። ዓለምም ታውቃለች፣ ግን ስለሱ ተነጋግረው አያውቁም።

ባርኮት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ጉሬዛ የምትባል ጥቁርና ነጭ ድመት ነበረቻት። ያን ዓመት ዓለም ከሾላ የተረፋትን ሽንብራ ቤት አስገብታ ቤቱ አይጥ በአይጥ ሆነ። ሂርጳ መርዝ አስቀመጠ። አይጥ መርዙን በላ፣ ጉሬዛ አይጡን በላች። በማግስቱ ጠዋት ሂርጳ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ደርቃ አገኛትና ልጅቷ ሳትነቃ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር ቀበራት። ልጅቷ ተነስታ "አባዬ፣ ጉሬዛስ?" ስትለው አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። "ማታ በሩን ክፍት ትተሽው ነው፤ ወጥታ ሄደች" አላት። ለምን ያን እንዳለ ዛሬም አያውቀውም። ልጅቷ ከካራ እስከ ኮተቤ "ጉሬዛ! ጉሬዛ!" እያለች ሳምንታት ፈለገች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የትኛውንም በር ሦስት ጊዜ ሳትጎትት አትሄድም። አስቡት እንግዲህ፤ የካራ ሰው ሁሉ የሚተማመንበት የሂርጳ በር ለገዛ ልጁ አንድ ቀን እንኳ የተዘጋ መስሏት አያውቅም። ይህ ሰውየውን ከውስጥ ሲበላው አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

"ተያቸው" አለ። "እኔ እጠብቃቸዋለሁ።"

ባርኮት ዞራ አየችው። "በሕይወት?"

"ሁለቱንም፣ በሕይወት።"

"ፕሮሚስ?"

"አደራሽን በልቼ አላውቅም" ሊል ነበር፤ አልወጣለትም። "ሂርጳ ነው ያለሽ!" ብሎ ደረቱን መታ። እሷም መመሪያ የጻፈችበትን ወረቀት ሰጥታው፣ መቀርቀሪያውን አንዴ ጨምራ ጎትታ ሄደች።

አሁን የሽቦው ሳጥን ቀረ። ሂርጳ ዞር ብሎ አየው፤ ከዚያ በሌላ በኩል ዞሮ አየው። ምላጭ የመሰለ ሽቦ፣ የተጣመመ በር። የልጁ አደራ በእንዲህ ያለ ነገር ውስጥ፣ ያውም በሂርጳ ቤት? ሥራ ቤቱ ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍኖ የኖረ ጥድ ነበረው። እንጦጦ ጋራ ሥር የነበረው የአባቱ ቤት ሲፈርስ ምሰሶውንና ወጋግራውን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ያወረደው ነው። ዘመን ያየ፣ ቀይ፣ ሲፋቅ ቤቱን በመዓዛው የሚሞላ ጥድ። ባርኮት ስታገባ ቁምሳጥን ሊሆንላት ተብሎ የተቀመጠ መሆኑን ዓለም ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። ሂርጳ ሸራውን ገለጠው።

አምስት ቀን ፈጀበት። መስኮት ያዘዘው ሚኒባስ ነጂው ወንደሰን ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በስድስተኛው ቀን የቆመው ነገር የአይጥ ቤት ነው ቢባል ማን ያምናል? ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ደረጃ አለው፣ ክዳኑ እንደ ድሮ ቤት ሾጠጥ ያለ ነው፤ አንድ ምስማር አልነካውም፣ እንጨቱ እርስ በርሱ ተሰክቶ ነው የቆመው። በሩ በትንሽ ጣት ይዘጋል። ሂርጳ የወለሉንም ነገር አላቃለለውም፤ በፒያላ እየፋቀ እንደ ጸጉር የተጠቀለለውን የጥድ ፍቅፋቂ መርጦ ወፍራም አድርጎ አነጠፈላቸው። "ነቀዝ የማይደርስበት አልጋ" አለ፣ ለራሱ።

ወንደሰን ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ መስኮቱን ረስቶ ቤቱን ሲያይ ቆየ።

"ጋሽ ሂርጳ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይሄን ለእኔ ያከራዩኝ።"

"ተይዟል" አለ ሂርጳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈርተኛው በሰበብ አስባቡ እየመጣ ማየት ያዘ፤ ሂርጳም ጎብኚ በመጣ ቁጥር የበሩን አዘጋግ ደግሞ ደጋግሞ ያሳያል።

የዓለም ቁጣ ግን በጎብኚ ብዛት የሚበርድ አልነበረም። "ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ" አለች። "ለአይጧ ሲባል የልጄ ቁምሳጥን ይለፍ ሲባል ግን ካንተ ነው የሰማሁት። እኔ ሾላ ሙሉ ቀን አይጥ ሳባርር ውዬ፣ ቤቴ ስገባ አይጥ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ?" ሁለቱ ፍጥረቶች እስኪወጡ ድረስ የአይጥ ቤቱ ወደተቀመጠባት ክፍል እግሯን እንደማታነሳም ምላ ተገዘተች። ዓለም ከማለች ማለች ነው፤ በሩ አጠገብ ስታልፍ እንኳ ፊቷን ታዞራለች።

ሂርጳ በበኩሉ ደስታውን አልቻለውም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጅራታቸው ይቀፈው ነበር፤ ሲመግባቸው በጓንት ነው። ስምንተኛው ቀን ላይ ማኪያቶ እጅጌው ውስጥ ገብታ በክንዱ ተጉዛ በአንገቱ በኩል ወጣች። ሂርጳ እንደ ሐውልት ቆመ። እሷ ከጆሮው ላይ እርሳሱን በጥርሷ መዝዛ ይዛው ወደ ፎቋ ወጣች። ያን እርሳስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጆሮው የነጠቀው ሰው አልነበረም! በማግስቱ ሆን ብሎ እርሳሱን ሰክቶ ጎንበስ አለላት፤ ደግማ ወሰደችው። ወተት ፈሪ ናት፤ እሷ የምትመርጠው የጋወኑን ኪስ ነው። እዚያ ገብታ ጥርሷን ስታፋጭ ሰምቶ "ተቆጣች" ብሎ ደነገጠ። የልጁን ወረቀት አውጥቶ ቢያይ እንዲህ ይላል፦ "ጥርሳቸውን ሲያፋጩ ደስ ብሏቸው ነው።" ሂርጳ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። በኪሱ ውስጥ ደስ ያለው ፍጥረት ይዞ ያን ቀን ሙሉ መሮ ሳያነሳ ዋለ፤ መዶሻ ቢመታ ትደነግጥብኛለች ብሎ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ሲጋመስ ወተት አነጠሰች። እንደ አይጥ ማስነጠስ ትንሽ ነገር የለም፤ ሂርጳ ሳቀ። በማግስቱ ግን ሁለቱም ሲያነጥሱ ዋሉ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ማኪያቶ እርሳሱን ልትወስድ አልመጣችም፤ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች፤ በዓይኗና በአፍንጫዋ ዙሪያ ቀይ ነገር ደርቋል። ሂርጳ ሲያየው ደም ነው የመሰለው። "ሁለቱንም፣ በሕይወት" ያለው የራሱ ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸበት።

ጉንፋን ነው፤ ለጉንፋን ደግሞ መድኃኒቱ ይታወቃል፣ ባሕር ዛፍ ነው። የጓሮው ዛፍ ቅጠሉ እስከ ጣሪያው ወርዷል፤ ከዚያ ዛፍ ግን ቅጠል ለመቁረጥ እጁ እሺ አላለውም፤ ሥሩ ማን እንደተኛች ያውቃል። ስለዚህ በታክሲ ወጥቶ፣ ከዚያም በልጅነቱ በሚያውቀው የእንጦጦ አቀበት ትንፋሹ እየተቆራረጠ በእግሩ ወጥቶ ለጋ ለጋውን ቀንጥቦ ወረደ። በብረት ድስት አፈላው። የጥዱን ቤት በጋቢ ሸፈነና ድስቱን ከሥሩ አስገብቶ ሰው እንደሚታጠነው አጠናቸው። በሦስተኛው ቀን ወተት ስትተነፍስ ጎኗ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ ማውጣት ጀመረች። ያን ዕለት ባርኮት ደወለች።

"አባዬ፣ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው" አለ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ምላሱን ሊነክሳት ደረሰ። ዛሬም የመጀመሪያው አፉ ላይ የመጣ ነገር ውሸት ሆነ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጸሎት ኅብረት ሄደ። የጸሎት ርእስ ያለው ይናገር ሲባል እጁን አነሳ። "በቤቴ ሁለት ሕመምተኞች አሉ፤ ትንፋሻቸው እያጠረ ነው፤ ጸልዩልኝ" አለና ተቀመጠ። ወንድሞችና እኅቶች በእንባ ጸለዩ። ሂርጳም እውነቱን ነው፣ በሙሉ ልቡ አሜን አለ። ሕመምተኞቹ እነማን እንደሆኑ ግን አልተናገረም፤ የጠየቀውም አልነበረም።

እዚህ ላይ ሂርጳ አንድ ነገር ረሳ። እነዚህ ሰዎች ጸልየው ብቻ የሚቀሩ አይደሉም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የጥየቃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ እትዬ አባይነሽ ሁለት ሴቶች አስከትለው፣ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ይዘው ደጅ ቆሙ።

ዓለም በሩን ከፈተች።

"እንዴት አደሩ ሕመምተኞቹ?" አሉ እትዬ አባይነሽ፣ ድምፃቸውን ለሕመም ቤት በሚሆን መጠን ዝቅ አድርገው።

"የማን ሕመምተኞች?"

"ሁለቱ ናቸዋ። ትንፋሻቸው ያጠረው።"

ዓለም ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ሂርጳ ወንበሩ ላይ የሚገባበት ቀዳዳ ቢያገኝ ይገባ ነበር። "እንግዶች ነበሩ፣ ሄዱ" ማለት ይችል ነበር። "ተሻላቸው፣ ወጡ" ማለት ይችል ነበር። ሁለቱም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ግን ዓለም እያየችው ነው፤ ያቺ ዓለም አሥራ ስድስት ዓመት ዝም ያለችለት ሴት ናት። ተነሣ።

"በዚህ ግቡ" አለና የክፍሏን በር ከፈተ።

እትዬ አባይነሽ ገብተው አልጋ ፈለጉ፤ አልጋ የለም። ከዚያ ባለ ፎቁን ቤት አዩ፣ ጎንበስ አሉ። አንዲቱ ሴት "ኢየሱስ!" ብላ ወደ ኋላ ዘለለች።

"ወንድም ሂርጳ፣ እነዚህ ናቸው?"

"እነዚህ ናቸው።"

"አይጦች ናቸው።"

"አይጦች ናቸው። የባርኮት አደራ ናቸው። ዓርብ ዕለት በግልጽ ባለመናገሬ ይቅር በሉኝ። ጸሎቱን ግን ከልቤ ነው የፈለግሁት።"

እትዬ አባይነሽ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱና በመልሱ ፈንታ አነጠሱ። ደግመው አነጠሱ። "አቤት! ይሄ ክፍል ምንድን ነው የሚሸተው? ቁምሳጥን ውስጥ የተዘጋብኝ መሰለኝ።"

ዓለም እስከዚያ ድረስ ደፉ ላይ ቆማ ነበር። እንግዳ ክፍል ውስጥ ሲያነጥስ እሷ ውጭ ቆማ መሐላ ልትቆጥር አልሆነላትም፤ ገባች። ከአይጦቹ ቤት ወለል ላይ ያለውን ፍቅፋቂ አየች፣ ዘግና አሸተተች፣ ባሏን አየችው።

"አንተ ሰውዬ! ይሄን ነው ያነጠፍክላቸው?"

"ምን ሆነ? የጥድ ፍቅፋቂ ነው። ምርጡን—"

"እኔ በየወሩ ከሥራ ቤትህ በጆንያ እየወሰድኩ ሾላ ምን የማደርገው ይመስልሃል? ከእህሉ ሥር እኮ ነው የምበትነው! ነቀዙ ከጠረኑ ይሸሻል፤ አይጡም በዚያ አያልፍም። ሃያ ዓመት ሙሉ አይጥ ያባረርኩበትን ነገር አልጋ አድርገህ አነጠፍክላቸው፣ ግድግዳቸውንም ከዚያው ሠራኸው፣ በላዩ ደግሞ ባሕር ዛፍ አጠንካቸው! ሰው ጠላቱን እንኳ እንዲህ አያደርግም!"

ሂርጳ ቤቱን አየው። ክዳኑን፣ ደረጃውን፣ ያለ ምስማር የተሰካውን ማዕዘን። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ያማረው ይህ ነው፤ ይህንንም ያውቃል። እየገደላቸው ያለውም ይኸው ነው። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ሁለቱንም በኪሱ ከተተና ይዟቸው ወደ በረንዳው፣ ወደ ንፋሱ ወጣ።

እትዬ አባይነሽ ከኋላው መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ከፌስታሉ ሙዝ አውጥተው ላጡ። "ለታመመ የመጣ ሙዝ ተመልሶ አይሄድም" አሉና ቁራሹን ወደ ኪሱ አስጠጉ። ማኪያቶ አፍንጫዋን ብቅ አደረገች። ቆይታ በላች። ሴትየዋ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሂርጳ ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ሁሉም እየሰማው ሐዋሳ ደወለ።

"ባርኮት፣ ደህና ናቸው ያልኩሽ ውሸት ነው። ታመዋል። ያሳመምኳቸውም እኔ ነኝ" አለና ስለ ጥዱ፣ ስለ እንፋሎቱ፣ ስለ ሁሉም ነገራት።

"ኦኬ" አለች ባርኮት፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። "አባዬ፣ ምንም የሚሸት ነገር አጠገባቸው እንዳታደርግ። ወረቀት ቅደድላቸው። ሐኪም ጠይቄ እደውላለሁ።" ልትዘጋ ስትል ደግሞ "ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" አለች። ሂርጳ ያቺን ቃል ይዞ ብዙ ቀን ዋለ።

የጥዱ ቤት ያን ዕለት ፈረሰ። ምስማር የሌለው ነገር ሲፈርስም ድምፅ የለውም። በምትኩ የቆመውን ብትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ዕድሜውን ሙሉ ፕላስቲክ ሲረግም የኖረው ሂርጳ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በሽቦ ክዳን ከድኖ፣ የሽቦውን ሳጥን የተጣመመ በር አቅንቶ ገጠመለት። ውስጡ የተቀደደ ጋዜጣ ነው። ጎብኚ ቀረ። ወንደሰን "ፎቁ ፈረሰ እንዴ? በልማት ተነሡ?" ብሎ ሳቀ፤ ሂርጳም መስኮቱን ሠርቶ አስረከበውና አፉን አስያዘው።

ሐኪሙ በባርኮት በኩል የነገረውን ሁሉ እንደ ቃለ እግዚአብሔር ጠበቀ። ጋዜጣውን በየቀኑ ይለውጣል። ልብሱ ላይ የጥድ ብናኝ እንዳይኖር ወደ ክፍሏ የሚገባው ታጥቦና ልብስ ለውጦ ነው። ዓለም ከሾላ ስትመለስ በመሐረብ ጥግ የታሰረ የሱፍ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ወርወር ታደርጋለች። "መሬት ወድቆ የተገኘ ነው፤ እንዲያው ከሚጣል ብዬ ነው" ትላለች። በየቀኑ ከመሬት የሚገኘው ሱፍ አንድም ቀን አፈር ነክቶት አያውቅም።

ማኪያቶ በሳምንቷ ተነሣች። ወተት ግን አሥራ ሁለት ቀን ቆየች፤ ሂርጳ በጣቱ ጫፍ ገንፎ እያስላሰ ሰነበተ። አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ኪሱ ውስጥ ሆና ጥርሷን አፋጨች። ሂርጳ ዓለምን ጠርቶ ኪሱን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ። "ስሚ! ስሚማ!" ዓለም በግድ ሰማች። "ይሄ ሲገርምህ ነው? የእኔዎቹ ሌሊቱን ሙሉ በጆንያዬ ላይ ነው የሚያፋጩት" አለች፤ ግን ጆሮዋን ቶሎ አላነሳችም። ሂርጳ ያን ቀን በመንገድ ሲሄድ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር። ብዙ በር ገጥሟል፤ ሞት አፍ ላይ የደረሰ ነፍስ የመለሰው ግን ያኔ ነው።

ባርኮት ሁለት ወሯን ጨርሳ በአንድ እሑድ መጣች። ሁለቱም እየተጋፉ ወደ እጇ ወጡ። "አባዬ! ወፍራም ሆነዋል እኮ! ሲሪየስሊ፣ ምን ስታበላቸው ነበር?" አለች።

"ከመሬት የወደቀ ሱፍ" አለ ሂርጳ፣ ደረቱ ተነፍቶ። ዓለም ወደ ጓዳ ገባች።

ባርኮት አይጦቹን መለሰችና መቀርቀሪያውን ዘጋች። ጎተት አደረገችው። ወንበር ስባ ልትቀመጥ ስትል ተመልሳ ጎተተችው። ትንሽ አውርታ ለሦስተኛ ጊዜ እጇ ሲሄድ ሂርጳ እጇን ያዛት። አደራውን አስረክቧል፤ ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም። ዛሬ ቀኑ የእሱ ነበር፤ እንደ ጀግና አምሽቶ ሊተኛበት ይችል ነበር።

"ባርኮት፣ ተዘግቷል" አላት። "ያኔም ተዘግቶ ነበር።"

"መቼ?"

"የጉሬዛ ጊዜ። በሩን ክፍት አልተውሽውም። ጉሬዛ የትም አልሄደችም። መርዝ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ መርዝ የበላ አይጥ በልታ ሞተች። ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ቀበርኳት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እኔ ባጠፋሁት አንቺን መታሁሽ። አንቺ በሩን ዘግተሽው ነበር፣ ልጄ።"

ባርኮት እጇን ከእጁ አወጣች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ አንድ በአንድ ጠፋ። "ስምንት ዓመቴ ነበር" አለች። "ስንት ቀን ነው የፈለግኋት? ብርድ ላይ ናት እያልኩ ስንት ቀን ነው ያለቀስኩት?"

ተነስታ በጓዳ በኩል ወደ ጓሮው ወጣች። ከባሕር ዛፉ ሥር ረጅም ጊዜ ቆመች፤ ኋላም ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዓለም ልትከተላት ስትል ሂርጳ በእጁ ከለከላት። ፈርቷል። ግን አሥራ ስድስት ዓመት ደረቱ ላይ የኖረው ድንጋይ ወርዶ ነበርና ከፍርሃቱ ሥር ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሌላ ነገር ነበር። ልጁ ብትጮህበትም፣ ዓመት ባትጠይቀውም፣ እውነቱን ከእሱ አፍ ሰምታለች፤ ከሰው አፍ አይደለም።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። እናቷ ያቀረበችላትን ቀማመሰች እንጂ ከአባቷ ጋር አልተነጋገረችም። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቦርሳዋን አነሣች። ከሳፋው ፊት ቆመች።

"አከራዬን እስካሳምን እዚሁ ይቆዩ" አለች፣ ሂርጳን ሳታየው። "ካንተ ጋር።"

"ከእኔ ጋር" አለ ሂርጳ።

ሱፍ በተነችላቸው። መቀርቀሪያውን ዘጋች። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ አነሣችውና ወጣች። የውጭውን በር ከኋላዋ ዘጋችው። ሂርጳ ባለበት ቆሞ ጆሮውን ጣለ። በሩን ለመጎተት የምትመለስን እጅ ነው የሚጠብቀው። የጫማዋ ድምፅ በኮብልስቶኑ ላይ ሳይቆም፣ ሳይመለስ፣ ወደ አስፋልቱ ራቀ።

"ዓለሜ፣ ሰማሽ?" አለ።

"ምኑን?"

"በሩን።"

"ምንም አልሰማሁም።"

"እኮ!" አለ ሂርጳ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ደረቱን ነፋ።